ቅቤ የከለከሉኝ ዶክተር

በጃንሆይ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት አንድ የማሌዥያ ዶክተር ነበሩ። ቦርጬን ነካክተው፣ «ቅቤ ተው፤ ሰው ሲያጎርስህም እምቢ በል» አሉኝ። እንዴት ያለ ቀላል መድኃኒት ነው! እኛ ዘንድ «በሞቴ» የተባለበትን ጉርሻ መመለስ አጉራሹን ሙት ከማለት አይለይም። ቢሆንም ታዘዝኩ። አማቴ አኮረፉኝ፤ ጎረቤቴ ሰላምታ ነሳኝ፤ ቦርጬ ግን ንቅንቅ አላለም።

አንድ እሑድ ዶክተሩ ምሳ ጠሩኝ። ከሐኪም ማዕድ ማን ይጎዳል ብዬ ደስ እያለኝ ሄድኩ። አገራቸው በኮኮናት ወተት የሚበስለውን ሩዝ፣ እዚህ ኮኮናት ቢያጡ በቅቤ አርሰውት ጠበቁኝ።

«ዶክተር፣ የከለከሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

ዶክተሩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከሩዙ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው እስከ አፌ አደረሱና፣

«በሞቴ!» አሉኝ።