አበራሽን አልሰርዝም

መምህርት ላቀችን መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ተማሪው ሁሉ የሚያውቃት በቅጽል ስሟ ነው፤ «ሰባት ቤት» ይሏታል። ምን ያድርጉ! ሃያ ስድስት ዓመት ታሪክ ስታስተምር፣ ዘጠነኛ ክፍል የገባውን ልጅ ሁሉ «ዘርህን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረህ፣ ጽፈህ ና» እያለች መቀመጫ ነስታዋለች። ስልካቸውን እየነካኩ «ቲቸር፣ ጎግል ላይ የለም እኮ» ሲሏት፣ «ጎግል አያትህን የት ያውቃታል? ተነሥና ትልልቅ ሰዎችን ጠይቅ!» ትላቸዋለች።

እዚህ አገር ሰባት ቤት የሚቆጠረው ጋብቻ ሲመጣ ነው፤ ዝምድና እንዳይገኝ። ላቀች ግን የራሷን ትጨምራለች፤ የሴቶቹም ስም ይጻፍ፣ ስመ ክርስትናና የዓለም ስምም ጎን ለጎን ይሁን ትላለች። ወዳ አይደለም። አንድ ዓመት አንዱ ተማሪ አንዲቱን ቅድመ አያቱን ቄሱ በሚጠሯት ስምና ጎረቤት በሚጠራት ስም ለያይቶ ሁለት ሴት አድርጎ ጽፏት መጣ። «አንተ! ወንዱን ቅድመ አያትህን ሁለት ሚስት አጋባኸው እኮ!» አለችው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ዘንድሮ ግን የሚያስቅ ነገር አልመጣም። ኢየሩሳሌም የምትባል ልጅ አለች፤ አባቷ አቶ አዱኛ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ይህ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር «እኛ የወለተ ሚካኤል ዘር!» ማለት ይወዳል። ወለተ ሚካኤል ቅድመ አያቱ ናት፤ ለደብሩ አሥራ ሁለት ጋን በስጦታ ያገባች እመቤት እየተባለች ትወራለች። ይኸው ሰው ደግሞ ልጆቹን ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ዝር እንዳይሉ ይከለክላል። «ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል» ይላል፤ በዚህ ዘመን፣ ሳያፍር!

ኢየሩሳሌም ደብተሯን ይዛ መሪጌታ ጸጋዬ ዘንድ ሄደች። እሳቸው የደብሩን አሮጌ መጽሐፍ ገልጠው ስለ ጋኖቹ ዳር ላይ የተጻፈውን አነበቡላት፤ «ዘገብረት በእደዊሃ» ይላል። በእጆቿ የሠራችው ማለት ነው። ለካ ሴትዮዋ ጋኖቹን ገዝታ አላገባችም፤ ራሷ ጠፍጥፋ፣ ራሷ ተኩሳ ነው። «ወለተ ሚካኤል ስመ ክርስትናዋ ነው፣ ልጄ» አሏት መሪጌታ። «ሰፈሩ የሚያውቃት አበራሽ ሸክላዋ ብሎ ነው።» ልጅቱም ሁለቱን ስም ጎን ለጎን ጻፈቻቸው።

በማግስቱ አዱኛ የጻፈችውን አይቶ፣ ልጁን እየጎተተ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባ፤ ላቀችም ተጠራች።

«አንቺ ማን ነሽና ነው የሰው ቤት የምትቆፍሪው? ይህ ገጽ አሁኑኑ ይቀደድ!» ጮኸባት።

ርዕሰ መምህሩ አንዱዓለም የላቀች ተማሪ የነበረ ነው። ዓይኗን ማየት ፈርቶ «ቲቸር፣ ይተዉት በቃ» አላት። «ገጹንም ይቅደዱ፣ የቤት ሥራውም ይቅር። አለዚያ ዝውውር ሊጻፍ ነው፤ ሲማዳ ወረዳ፣ ያውም ጫፉ።»

ላቀች ክው አለች። ቤቷ እዚህ ነው፤ ጡረታዋ አራት ዓመት ብቻ ነው የቀረው። ዞር ስትል ግን ኢየሩሳሌምን አየቻት፤ ደብተሩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወለል ወለሉን ታያለች። ያን ጊዜ ደሟ ፈላ።

«ማንን ነው የምቀደው አቶ አዱኛ? ስሟን ይንገሩኝ።»

«አበራሽን! ወለተ ሚካኤልን ተይልኝ፣ ያችኛዋን አጥፊልኝ።»

«አንዲት ሴት እኮ ናት! ጋኑን ተቀብላችሁ እጇን ልትጥሉት ነው?» አለች፤ ድምፅዋ ኮሪደር ድረስ ተሰማ። «እስቲ ምን ሰረቀች? ማንን ገደለች? ጭቃ አቡክታ በሠራችው ጋን አገሩ ስንት ዓመት ጠላ ጠጣ! አልቀድም። አበራሽንም አልሰርዝም። አንዱዓለም፣ ደብዳቤውን ጻፈው፣ እዚሁ ቆሜ እፈርማለሁ። የሲማዳ ልጅም አያት አለው፤ ሄጄ አስቆጥረዋለሁ!»

አንዱዓለም ወረቀት ሳብ አድርጎ፣ እስክሪብቶ እንደያዘ ቀረ።

አዱኛ መምህሯ አልበገር ስትለው ወደ ልጁ ዞረና እጁን ዘረጋ። «አምጪው ደብተሩን! አንቺ የማን ልጅ እንደሆንሽ ረሳሽው?»

ልጅቱ ደብተሩን ሳትለቅ ቀና አለች። ላቀች ልትናገርላት አፏን ከፍታ ነበር፤ ልጅቱ ቀደመቻት።

«አልረሳሁም» አለች። «የአበራሽ ሸክላዋ ልጅ ነኝ። አንተም ነህ፣ አባዬ።»