ከነዓሦቹ የተደፋው ውሃ

የማስቲሽ ሽታ ልጅነቴን ይመልስልኛል። ሞጣ፣ ብስክሌት ጠጋኙ ይስማው ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት የራሰ ሽማግሌ አንድ ጎኑ ተቆርጦ የተከፈተ ጀሪካን አቅፈው ገቡ። ትናንሽ ዓሦች ይዋኙበታል፤ እሳቸውም በቀጭን ቱቦ እፍ ይሉባቸዋል።

"ታንኳዬ ላይ አስረዋለሁ። አየር እንዲያገኙ ጎማ መንፊያ ግጠምልኝ፤ ትልቁ ዓሣ የሞተ አይበላም" አሉት።

"አባባ፣ ነገ መንጠቆ ላይ ሊሰኳቸው ዛሬ እሹሩሩ?" ይስማው ሣቀ።

"ነገ ይሞታሉ ተብሎ ዛሬ ይታፈኑ? አንተ ትንፋሽ ሲያጥር አላየህም።"

ይስማው ግን ጀሪካኑን ተቀበለና ለሥራ እንዲመቸው ውሃውን ከነዓሦቹ ወለሉ ላይ ደፋው። እኔንም አንገበገበኝ። ሽማግሌው ተንበርክከው አንድ በአንድ ለቅመው ጀሪካኑ ውስጥ መለሷቸው፤ የተበሳ ጎማ ከሚነከርበት ሳፋ ውሃ ቀዱላቸው። ይስማው "አባባ፣ ልግጠምልዎት እንጂ" ሲላቸው፣ ጀሪካናቸውን አቅፈው ማናችንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።