ከምሰሶዬ ሥር የነበረው ጉድጓድ

የበደለኝ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። የበደለኝም ባሌ በሞተ በዓመቱ፣ የአባታቸውን መሬት ሲያካፍል ነው። የመንገድ ዳሩን ለራሱ አስቀረና ከእንሰቱ በስተጀርባ ያለውን ቁራጭ ለእኔ ሰጠኝ። ደልዳላ ነው፣ ለቤት ይመቻል አለኝ። በእኛ በመስቃን አገር ባሏ የሞተባት ሴት የተሰጣትን ተቀብላ ታመሰግናለች። እኔም አመሰገንኩ። ቤቱ ሲሠራ አናጢዎቹን ምሰሶውን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት ያላቸው እሱ ነበር። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም።

ልጄን ቡታጅራ ዳርኳት። በኋላ የልጅ ልጄ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረች።

ፍርሃቱ የገባብኝ በርበሬ ስወቅጥ ነው። ሙቀጫውን በሩ አጠገብ ሳስቀምጥ መሬቱ ዝም ይላል። ከምሰሶው አጠገብ ሳስቀምጠው ግን እያንዳንዱ ምት ከታች ይመለስልኛል፤ ባዶ ጋን የመታሁ ያህል። አቁሜ ጆሮዬን ወለሉ ላይ እደፋለሁ፤ ምንም የለም። ዘነዘናውን ሳነሳ እንደገና ይጀምራል።

ለዋርሳዬ፣ ለዚያው ለባሌ ወንድም፣ ነገርኩት። ያለ ወንድ የምታድር ሴት ብዙ ነገር ትሰማለች አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጂኒዎቹ በርበሬሽን ወደውት ይሆናል፣ ትንሽ በተን አድርጊላቸው ብሎ አሳቀብኝ። ሼኽ አስመጣሁ፤ ቁርኣን ተቀራ፤ ድምፁ ግን አልሄደም። ቢስሚላህ ሳልል እግሬን ከመደብ አላወርድም ነበር። ልጅቷ ቤት ውስጥ ስትሮጥ እቆጣታለሁ። ክረምት ሲገባ ወለሉ መሀል ላይ ይሰረጉዳል። አፈር አምጥቼ እደለድላለሁ፤ በሚቀጥለው ክረምት ያው ነው። አፈሩ የት እንደሚሄድ ማሰብ ከጀመርኩ ወዲህ መሀሉን ዞሬ ነበር የማልፈው።

ከዚያ ቅርስ የሚያጠኑ ሰዎች ከከተማ መጡ። ከእኛ ወደ ቆሼ ከተማ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለው መሬት ባልጩት አለበት፤ ያ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ፣ እግር የሚቆርጥ ጥቁር ድንጋይ። የጥንት ሰዎች ጉድጓድ እየማሱ ያወጡትና ቢላ፣ የቆዳ መፋቂያ ይሠሩበት ነበር። ሰዎቹ ጉድጓዶቹ ቅርስ ናቸው አሉ። ቢጠበቁና ጎብኚ ቢመጣላቸው ለወጣቱ ሥራ፣ ለአካባቢው መንገድ ያመጣሉ ተባለ። ቦታዎቹን የሚያውቅ ሽማግሌ ሲጠይቁ ዋርሳዬ ቀደመ። ገና ላልተቋቋመው የአስጎብኚዎች ማኅበር ሊቀመንበር እሱ እንደሆነ ገበያው ሁሉ ሰምቶ ነበር።

ኮረብታው ሥር ያሉትን አሳያቸው። ቀጥሎ ሁሉንም አስከትሎ ወደ እኔ ግቢ መጣ። አሰላሙ አለይኩም ብሎ ምላሽ ሳይጠብቅ ገባ፤ ከምሰሶው አለፍ ብሎ በከዘራው ወለሉን መታ።

"ትልቁ ይሄ ነው" አለ። "ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ነው የደፈንነው። ግንድ አጋደምንበት፣ ኮባና አመድ ጨመርንበት፣ ከላይ አፈር።"

ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚያወራው። ከመጡት መካከል አንዲቷ ባለሙያ ፊቷ ተለወጠ። ያ ግንድ እስከ ዛሬ በስብሶ አልቋል አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እማማ፣ ቀስ ብለው ወደ በሩ ይምጡ። ሌሎቻችሁም አንድ በአንድ ውጡ።"

የልጅ ልጄ ከወዲያኛው መደብ ላይ ነበረች፤ አሟት ከትምህርት ቤት ቀርታ ተኝታለች። አይሂዱ አሉኝ። ግድግዳውን በጀርባዬ ታክኬ ሄድኩ። ቢስሚላህ ማለቱን እንኳ ረሳሁ። ልጅቷን አቅፌ በዚያው በግድግዳው ስመለስ ዋርሳዬ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ጥልቀቱ ያወራል። መንገዴን ዘግቶታል።

"እርስዎ ያውቁ ነበር" አልኩት።

"ታዲያ ምን ሆንሽ? ይኸው በእግርሽ ቆመሻል" አለኝ።

ቤቱን እንድለቅ ተነገረኝ። መሄጃ አልነበረኝም። የልጄ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ባሏም እንግዳ የሚችል ሰው አይደለም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዋርሳዬ ረስቼው ነው አለ። ምሰሶውን ወደ ጎን ያስጠጋው ማን እንደሆነ ቤቱን የሠራውን አናጢ ጠይቁት አልኩ። አናጢው እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ እሱ ነው ያዘዘን አለ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይቅር በይው አሉኝ። ይቅርታውን ተዉትና መሬቱን ይለውጥልኝ አልኳቸው።

ከመንገድ ዳሩ ድርሻው ቆርሶ ሰጠኝ። ቤቱን አስፈረስኩ። አዲሱ ከመሠራቱ በፊት ሰው ቀጥሬ ቦታውን ከዳር እስከ ዳር አስቆፈርኩ። የድሮው ጉድጓድ ተከፍቶ፣ ግድግዳው በእንጨት ተደግፎ ታጥሯል፤ ጎብኚ ይመጣል። እኔ ሄጄ አላየሁትም። ዋርሳዬ ባለፈው ክረምት ሞተ። አገር ሁሉ ለቅሶ ደረሰ። እኔ አልሄድኩም።