የሸዋነሽ አራተኛ ቸርኬ

ባለፈው ጳጉሜ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ከአንዱ ጎሚስታ ወደ ሌላው እየዞረች የመኪና ቸርኬ በብሎን እየመታች ጆሮዋን የምታስጠጋ ሴት ያየ ሁሉ "ጀመራት" ብሎ አልፏል። አልጀመራትም። ሸዋነሽ ትባላለች፤ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጡረተኛ ናት። እንዲያውም በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ የሚያደርጉትን ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዷ እሷ ነበረች።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሸዋነሽ የተወለደችው ደጋው ላይ፣ ገረሴ አጠገብ ነው። ቆላ ወርዳ በአንድ የጥጥ እርሻ ጋራዥ ሃያ ስምንት ዓመት የመለዋወጫ መጋዘን ጠብቃለች። ኩሽኔታ በጣቷ ዳብሳ የየትኛው መኪና እንደሆነ ትነግርሃለች። ካልፈረሙላት ለሥራ አስኪያጁም ቢሆን አንዲት ካንዴላ አታወጣም ነበር።

ባሏ ጋሻዬ የዚያው ጋራዥ መካኒክ ነበር። አገሩ ከሚገባ የውጭ አገር የመንገድ መሐንዲስ አንዲት ቀይ አልፋ ገዛ፦ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ የድሮ ስፖርት መኪና። ለእሷ ዕቃ መፈለግ የሸዋነሽ ሥራ ሆነ። የፍሪሲዮን ሸራዋን አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ሦስት ቀን ተመላልሳ አገኘች፤ የፊት መስታወቷን ከሐዋሳ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣች። እሷ ትፈልጋለች፣ ጋሻዬ ይገጥማል፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ጋሻዬ ይነዳል፤ እሷ በቀኝ በኩል ትቀመጣለች። ሃያ ሁለት ዓመት! ቁልፉን በጠየቀችው ቁጥር "ይቺ ለሴት እጅ ትከብዳለች" ይላት ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ይህቺን ግን እኔም አልምርለትም።

ጋሻዬ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ሐዘኗ እንዳለፈ ሸዋነሽ ከልጆቿ እኩዮች ጋር ወንበር ላይ ተቀምጣ መንጃ ፈቃድ ተማረች፤ አወጣችም። ከዚያ ግቢያቸው ካለው ማንጎ ሥር ጭቃ ውስጥ የቆመችውን አልፋ መጠገን ጀመረች። ጎረቤት ያያትና ዓይኑን እየጠረገ "የባሏ መታሰቢያ እኮ ናት" ይላል። እሷ ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። "የምን መታሰቢያ ነው? መንዳት አምሮኝ ነው!"

አምና ሰኔ ላይ ሞተሩ ተነሣ። መኪናዋ ግን የቆመችው በሦስት ጎማና በአንድ ድንጋይ ነበር። አራተኛውን ቸርኬ፣ ጎማው የሚቀመጥበትን ብረት፣ ዝገት በልቶ ጨርሶታል።

ችግሩ የመጣው ከዲሪባ ነው፤ የጋሻዬ ታናሽ ወንድም። ግቢው የአባታቸው ውርስ ስለሆነ ግማሹ የእሱ ነው፤ አልፋዋ የቆመችውም በእሱ ግማሽ ላይ ነው። ሱቅ ሊሠራበት ፈልጎ ሽማግሌ ይዞ መጣ።

"እትዬ፣ በሦስት እግር የቆመ ነገር በርጩማ እንጂ መኪና አይባልም" አላት። "ለቁራሌው በኪሎ እንሽጠውና እንገላገል።"

"በራሷ ጎማ ከበር ብትወጣስ?"

ዲሪባ ሳቀ። "እስከ መስቀል ዋዜማ በራሷ ከወጣች ቦታውን ለእሷ ተውኩት። ሱቁም ይቅር።"

ሽማግሌዎቹ ቃሉን ያዙበት። ዲሪባ ሲወጣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እያለ ነበር። እሷም ከኋላው "ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ነው የያዝኩት!" ብላ መለሰችለት።

ችግሩ ግን ችግር ነው። የቶዮታው ቸርኬ ብሎን መግቢያ አልገጠመም፤ የላዳውም የቮልሱም እንዲሁ። የሲቀላው ጎሚስታ ባድሩ ከሌላ ቸርኬ ቆርጠን እንበይደው አላት። "በብየዳ የተያዘ ጎማ ዳገት ላይ ጥሎን ቢሄድ ማን ይፈርምልኛል?" ብላ እምቢ አለች። ባድሩ ሊያባብላት "ድሮ ተቀያሪ አልነበራትም?" አላት። ነበራት። የት እንዳለም ታውቃለች።

ከሃያ አራት ዓመት በፊት፣ የትውልድ መንደሯ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደወል አልነበረውም። ተቀያሪውን ቸርኬ ደወል እንዲሆን ወስዳ የሰጠችው እሷ ራሷ ናት። በሕይወቷ ያለ ፊርማ የሰጠችው ዕቃ እሱ ብቻ ነው። ጋሻዬ ሁለት ሳምንት አኩርፏት ነበር።

"የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው፣ እናቴ" አለ ባድሩ። "ምን ብለሽ ትጠይቂያቸዋለሽ?"

"በአፌ እጠይቃቸዋለኋ።"

ነውሩን አጥታው አይደለም። ሌሊቱን አልተኛችም፤ ፊቷ በእፍረት ሲቃጠል አደረ። ግን ባዶ እጇን ላለመሄድ ወሰነች። ያን ሰሞን ቸርኬ ስትደበድብ የከረመችው ለዚህ ነው። አሥራ አንድ ሞከረች። አንዱ ድምፁ ታፈነ፣ አንዱ ተንሿሿ፣ አንዱ ስንጥቅ ነበረው። አሥራ ሁለተኛው፣ የአይሱዙ ቸርኬ፣ ጠርዙን ሲመቱት ድምፁ ረዥም ሄደ። ገዝታ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫነችው።

መንደሯ የደረሰችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ ነው። ርእሰ መምህሩ ተስፋጽዮን የመንደሩ ልጅ ነው። የመጣችበትን ስትነግረው ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን ቸርኬ ቀና ብሎ አየ።

"እትዬ፣ እኔ ራሴ በዚህ ደወል ነው የተማርኩት።"

"ደግ አደረግክ። አሁን ተራው የእኔ ነው።"

ወሬው ተሰማና ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ታላቅየው ቸርኬዎቹን አስተያየና በጋሞኛ እንዲህ አለ፦ "አሮጌው ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ማዶ ያሉት ልጆች ካልሰሙ ይቀራሉ። አዲሱ ማዶ ከደረሰ አሮጌውን ውሰጂ፤ ካልደረሰ አሮጌው እዚሁ ይቀራል፤ አዝነሽ እንዳትሄጂ፣ አዲሱን ይዘሽ ተመለሺ።"

ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ሸዋነሽም አልተከራከረችም። የአይሱዙው ተሰቀለ። ዘበኛው ሦስት ጊዜ መታው። ሁሉም የሚመልስ ሰው ይኖር እንደሆነ ጆሮውን ወደ ማዶ አቀና። ምንም የለም። ዘበኛው ደግሞ መታ። ከጉሙ ውስጥ የመለሰ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ።

 ሸዋነሽን እልህ ያዛት። "ስጠኝማ!" ብላ ብረቱን ከዘበኛው እጅ ወሰደች። እሱ የመታው እንደ አሮጌው መሀሉን ነበር፤ እሷ እግሯን አንፈራጥጣ ጠርዙን፣ ሲቀላ ላይ ፈትና ያወቀችውን ቦታ፣ አቀመሰችው። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

ጥቂት ቆይቶ ከማዶ የአንዲት ሴት ድምፅ በቁጣ መጣ፦ "ኧረ ዛሬ ቅዳሜ ነው! ምን ነክቷችኋል?"

ሽማግሌዎቹ እስኪያስላቸው ሳቁ። ተስፋጽዮን ራሱ ዛፉ ላይ ወጥቶ አሮጌውን ፈታላት። ሃያ አራት ዓመት የተመታበት ጎኑ ጎድጉዷል። ሸዋነሽ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አርባ ምንጭ ድረስ ወረደች።

ባድሩ ግማሽ ቀን ሲቀጠቅጠው ዋለ። የውስጥ ጎማውን፣ ካላማዳሪውን፣ ከተተበት፣ የቮልስ ጎማ አለበሰው፣ አሽከረከረውና ከንፈሩን ነከሰ።

"ትንሽ ይወላገዳል።"

"እኔስ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ? ግጠመው።"

የመስቀል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ዲሪባ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። ቁራሌውንም ሚዛኑን አስይዞ አምጥቶታል፤ አየህ እምነቱን! አልፋዋ በአራት እግሯ ቆማለች፤ ድንጋዩ ተጥሏል። ሸዋነሽ ገብታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ከዚያ ያዘ። ማንጎው ላይ የነበሩት ወፎች ተነሡ። መኪናዋ በአራት ጎማ እስከ በሩ ሄዳ ቆመች።

ዲሪባ ክፉ ሰው አይደለም። ሲሸነፍ ያውቃል። "በቃ፣ ረትተሽኛል" አለና ሽማግሌዎቹ ፊት እጇን ሳመ። ቀጥሎ በሩን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ መዳፉን ዘረጋ።

"በሩ ጠባብ ነው፣ እትዬ። ቁልፉን ስጪኝና እኔ ላውጣልሽ። ይቺ ለሴት እጅ ትከብዳለች።"

ሸዋነሽ የተዘረጋውን እጅ አየችው። የጋሻዬ እጅ ቁርጥ! ጎንበስ ብላ የቀኙን በር ከውስጥ ከፈተችለት።

"ና ግባ፣ ዲሪባ። ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬበታለሁ፤ ይመቻል።"

ዲሪባ ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹ ማንጎውን አዩ። ጉልበቱን አጥፎ ገባ፤ እሷም ማርሽ አስገባች። ቁራሌው ሚዛኑን አንሥቶ ከመንገዷ ዞር አለ።