አሥር ለሁለት

ሚስተር አልሲድ ናርሲስ ከመታሰራቸው በፊት እዚሁ ሉዊዚያና የተማሪ አውቶቡስ ይነዱ ነበር። እኔ ሳገኛቸው ግን እስረኛ ያስተምሩ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ለመውሰድ የተመዘገበውን ሁሉ የአገሩን መንግሥት ከሥር ከመሠረቱ ያስከልሱታል። ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ። ቀን ሙሉ እርሻው ላይ ባሚያ ስንለቅም ውለን፣ ወገባችን ተቆርጦ፣ እሳቸው ፊት ተደርድረን እንቀመጣለን።

«ሦስቱ እንደ ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ ይደፋል» ይላሉ።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፣ ሚስተር አልሲድ። እኛ እንደሆንን ያው ታስረናል» እላለሁ እኔ። አፌ አያርፍም።

«አንተ ላይኔል፣ ምላስህን ለፈተናው ቀን አስቀምጣት። አሁን የሕገ መንግሥቱን አምስተኛ ማሻሻያ ንገረኝ።»

ሁለታችንም የተፈረደብን በአንድ ዓመት፣ በአንድ ፍርድ ቤት፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ አሥር ለሁለት። በሌላው ክፍለ ግዛት ሁሉ፣ ከአንዱ በቀር፣ ከሕዝብ ተመርጠው ፍርድ ከሚሰጡት አሥራ ሁለት የጁሪ ሰዎች አንዱ እንኳ «አላመንኩም» ካለ ሰው ጥፋተኛ አይባልም። የኛዋ ሉዊዚያና ግን አሥር ይበቃት ነበር። ባርነት ከቀረ በኋላ ጥቁር ሰው ጁሪ ውስጥ ቢቀመጥም ድምፁን ውሃ እንዲበላው ብለው በሕገ መንግሥታቸው የጻፉት ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እኔ በዘረፋ ሠላሳ ዓመት ተፈረደብኝ። እሳቸው መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ገድለዋል ተብለው ዕድሜ ልክ። ገደሉ አልገደሉ እኔ አልነበርኩም። አልገደልኩም ይላሉ፤ ከጁሪዎቹ ሁለቱ አምነዋቸዋል። አንዷ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ነበረች፤ ዳኛው ድምፅ ሲጠይቋት እያለቀሰች «እኔ አልተስማማሁም» አለች። ሚስተር አልሲድ ስሟን አያውቁም፤ ሲጸልዩ ግን ከልጃቸው ቀጥሎ የሚያነሱት እሷን ነው።

የምንለየው በጠበቃ ነበር። የሳቸዋ ጠበቃ ታታሪ ወጣት ነች፤ ይግባኙን በጊዜው አቀረበች፣ ተከራከረች፣ ተሸነፈች፣ መዝገቡ ተዘጋ። ለእኔ መንግሥት ያቆመልኝ ሰውዬ ደግሞ እንቅልፋም ነው፤ ሥራው ቀጠሮ ማስለወጥ። ስደውልለት «እየተሠራ ነው፣ እየተሠራ ነው» ይለኛል። በስንት እርግማን ስሙን አንስቼዋለሁ! «የሳቸው ጠበቃ ሰው፣ የኔው ጉቶ» እያልኩ በሚስተር አልሲድ እቀና ነበር።

በሚያዝያ ወር ዋሽንግተን ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት «አሥር ለሁለት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል፤ አሥራ ሁለቱም መስማማት አለባቸው» ብሎ ወሰነ። ቴሌቪዥኑ ሥር ጮህን፣ ተቃቀፍን፣ አንዳንዱ መሬት ሳመ። ሚስተር አልሲድ ለልጃቸው ለኦዴት ደውለው «ክፍሉን አናፍሺው፤ አልጋው ላይ የከመርሽውን ልብስም አንሺ። ሰኞ ሰኞ ቀይ ባቄላሽንና ሩዝሽን ለእኔም ጨምረሽ ቀቅይ» ሲሏት ሰማሁ።

ደስታው ሳምንት አልቆየም። ውሳኔው ለጊዜው የሚደርሰው ይግባኙ ገና ላልተዘጋ ሰው ነው፤ የተዘጋበት ይጠብቅ ተባለ። የኔ እንቅልፋም የይግባኙን ወረቀት መቼ ጨርሶ! ስንፍናው ለእኔ በር ከፈተ፤ የጠበቃቸው ትጋት በሳቸው ላይ ዘጋ። እውነቴን ነው፣ ፍትሕ ማለት ይሄ ከሆነ አፈር ይብላ።

ፍርዴ ተሰረዘ። እንደ አዲስ ሊከሱኝ ፈልገው ምስክር አጡና ለቀቁኝ። ስወጣ ሚስተር አልሲድ ትከሻዬን ይዘው «ሂድ ልጄ፣ ዞር ብለህ አትይ» አሉኝ። እኔ ግን ወጥቼም አልወጣሁም፤ ምግብ በቀረበ ቁጥር ፊታቸው ይመጣብኛል።

በዓመቱ በግንቦት ያው ፍርድ ቤት የመጨረሻውን ተናገረ። አዲሱ ሕግ መዝገባቸው ለተዘጋባቸው ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። እነሱን ያሰረው ሕግ ስህተት ነበር፤ እነሱ ግን ባሉበት ይቆዩ።

ልጠይቃቸው ሄድኩ። የተጠበሰ ዶሮ ገዝቼ ፊታቸው ባስቀምጥም አልነኩትም። ከስተዋል። አዳራሹ ሞቆ፣ መስኮቱ ተጠርቅሞ፣ መተንፈሻ የለም።

«ኦዴትን ክፍሉን ለልጅሽ ስጪው ብያታለሁ» አሉ።

«ሚስተር አልሲድ፣ ይሄ እኮ ግፍ ነው! እንዴት ዝም ይላሉ?»

«ማነው ዝም ያለው? ሁሉ ሲተኛ ትራሴን ነክሼ እጮሃለሁ። ቀን ግን ተማሪዎች አሉብኝ።»

ጠባቂው ከበሩ ላይ «ናርሲስ! ተነስ፣ ሰዓትህ አልቋል!» ብሎ ጮኸ። ተነሱ። «ዛሬ ምን ያስከልሷቸዋል?» አልኩ።

«ስለ ጁሪ ነው።»

«እና ምን ሊሏቸው ነው?»

«ሕጉን ነዋ! አሥራ ሁለቱም ካልተስማሙ በዚህ አገር በከባድ ወንጀል ማንም ሰው አይፈረድበትም እላቸዋለሁ» አሉና እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ። «አሥር ይበቃል ብሎ የመለሰ ይወድቃል።»