እንደ ዳዊት የተጠና ኮምፒውተር

የሞላሌው ወረዳ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ለብርዱ የሹራባቸውን እጅጌ እስከ ጣታቸው ስበው፣ እንደ ዝናብ ይተይባሉ። የኮምፒውተር ባለሙያው ባምላኩ በግዢ የመጣውን የቢሮ ፕሮግራም አጥፍቶ በነጻ የሚገኘውን በጫነ ማግስት ግን ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። እስከ ዓርብ ካልለመዱ ወደ ተላላኪነት ይዛወራሉ ተብለዋል።

«እትዬ፣ እዚሁ ተጽፎልዎ የለም እንዴ?» አለ ባምላኩ ስክሪኑን እያሳያቸው።

«እንግሊዝኛ መች አነባለሁ ልጄ! ቦታ ቦታውን ነው እንደ ዳዊት በቃሌ የያዝኩት።»

ባምላኩ ክው አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ የወረዳውን ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ለስልጠና ከሚመላለሰው አለቃ ሁሉ አንድ የጠየቃቸው የለም! የፕሮግራሙን ቋንቋ ወደ አማርኛ ቀየረላቸው።

«አስቀምጥ» ሲሉ ጮክ ብለው አነበቡ። ደግመው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ባምላኩ ላይ አፈጠጡ።

«በአማርኛ መሆን ይችል ኖሯል? ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን በፍርሃት ያኖረኝ ማነው?»