በባለ ሁለት አፈሙዝ የለወጥኋት ውጅግራ

ሌላው ሰው ከብት ሲያረባ እኔ አሮጌ የአሜሪካ ጠመንጃ እሰበስብ ነበር። ለጦርነት የማይሆን፣ ሁለት አፈሙዙ ጎን ለጎን የተጣበቀ፣ ከወገቡ ተሰብሮ የሚጎርስ የወፍ ጠመንጃ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ይህ በሽታ የያዘው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሚስቴ «ምነው፣ ቆቅ ዘመተብህ እንዴ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ከሰበሰብኋቸው ውስጥ ሁለቱ ጭራሽ አይተኩሱም።

የለከፈኝ የመንገድ ሥራ ነው። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ወደ አዲ አርቃይ የሚወስደው መንገድ ሲጠገን ለአንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርሁ። እሑድ እሑድ ጅግራ ፍለጋ አብረን ቆላ እንወርዳለን። የቀኙ አፈሙዝ ለቅርብ፣ ጠበብ ያለው የግራው ደግሞ ለሩቅ እንደሆነ ያሳየኝ እሱ ነው። አፈሙዙን ከሰደፉ ነቅሎ በገመድ ያንጠለጥልና በጣቱ አንጓ ይመታዋል፤ እንደ ቃጭል ከጮኸ ብየዳው ደህና ነው፣ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ግን ሁለቱ ተላቅቀዋል ማለት ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ የገዛ ጠመንጃውን ትቶልኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ግድግዳ ግድግዳውን ሆነ። አንዱን ከአንድ ባላባት ጓዳ ዶሮ ሰፍሮበት አገኘሁት። ሌላውን አይከል ካለ ነጋዴ ወሰድሁ፤ ሰደፉ ተሰብሮ በዋንዛ ተተክቷል። ያየው ሁሉ ሲስቅበት እኔ በዋንዛው ምክንያት ወደድሁት።

አራተኛው ግን ቀልቤን ወሰደው። ከተማው ውስጥ ያስተምር የነበረ ሌላ አሜሪካዊ ያመጣው ነው። ብረቱ ላይ ውሻና ወፍ ተቀርፆበታል፤ የውሻው ጠጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ሽጥልኝ ብዬ ወራት ለመንሁት። በገንዘብ አይሆንም አለ። እሱም ለካ እንደኔ የለከፈው ሰው ኖሯል፤ «ጣሊያንን የተዋጋ የአገራችሁን አሮጌ ጠመንጃ አምጣልኝና እንለዋወጥ» አለኝ።

ወዲያው አባቴ ትዝ አለኝ። ራሴን የምጠላው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላመነታሁም።

አባቴ ከአይከል ወዲያ ያለ ገበሬ ነበር። አምስቱን ዓመት ዱር ሲከርም ከእጁ ያልተለየች ውጅግራ የምትባል አሮጌ ጠመንጃ ነበረችው፤ አንድ ብቻ የምትጎርስ፣ ጥይቷም ከገበያ የጠፋ። ከመደቡ በላይ ምሰሶው ላይ ተሰቅላ ትውላለች። በእኛ አገር ግን ጠመንጃ ባለቤቱ ሲሞትም ሥራ አለው። ፈረሱ ተጭኖ፣ የሟች ልብስ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ የለቅሶውን ሜዳ ይዞራል። አልቃሿም ሟቹን የምታነሣው በጠመንጃው ነው፤ የት እንደዋለ፣ ማንን ከሞት እንዳስጣለ እየጠራች ታስለቅሳለች። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አላውቅም ነበር ብዬ የማመካኘው ነገር የለኝም።

«አባዬ፣ ውጅግራዋን ስጠኝ። ለውጬ የተሻለ አመጣለሁ» አልሁት።

«ለለቅሶዬስ ምን ይቆማል?» አለኝ።

«ከእሷ የበለጠች ሸጋ አቆምልሃለሁ» ብዬ ሳቅሁ። አፈር ልብላ፣ ሳቅሁ።

አባቴ ለእኔ እምቢ ማለት አያውቅም። ፊደል የቆጠርሁለት ልጁ ነኝ። ራሱ ተነሥቶ አወረዳት፣ በጋቢው ጠርዝ አቧራዋን ጠረገና እጄ ላይ አኖራት። አብሮት እያረሰ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ሰምቷል። «አያ፣ ደህና ዋል» ስለው ፊቱን አዙሮብኝ ወደ በሬዎቹ ሄደ።

ሁለት ዓመት ያህል በአራተኛዋ ጠመንጃዬ ስኮራ ኖርሁ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባትህ ደክሟል የሚል መልእክት መጣብኝ። የሮጥሁት ግን ወደ አባቴ አልነበረም፣ ወደ አሜሪካዊው አስተማሪ ቤት ነበር። ዘበኛው ወጣና «አገራቸው ከገቡ ቆዩ፤ ያችንም አሮጌ ጠመንጃ በሳጥን አሽገው ይዘዋት ሄደዋል» አለኝ። ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ ውሻና ወፍ የተቀረፀባትን አንግቼ ወደ አይከል የሚሄድ ማኪና ላይ ተሳፈርሁ።

ስደርስ ነፍሱ አልወጣችም፤ ዓይኑ ግን አያይም ነበር። ድምፄን ሲሰማ «አመጣሃት?» አለኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

እጁን ዘረጋ። ምን ቆርጦኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ጠመንጃዋን አስጠጋሁለት። ጣቶቹ በቀስታ ሄደው ሄደው ሁለቱን አፈሙዞች አገኙ። እዚያ ላይ ጥቂት ቆዩ። «ሸጋ ናት» አለና እጁን ወደ ደረቱ መለሰ። በማግስቱ አረፈ።

ለቅሶው ሜዳ ላይ ፈረሱ ተጭኖ ቀረበ። እኔም ጠመንጃዬን ዘቅዝቄ ከፈረሱ ኋላ ቆምሁ። አልቃሿ የአባቴ እኅት ነበረች፤ አማርኛውን ከቅማንትኛ እየቀላቀለች ስታለቅስ አለት የምታባባ ሴት ናት። ደረቷን እየመታች መጣች፣ እፊቴ ስትደርስ ቆመች።

«ይች የማን ናት?» አለችኝ።

«የኔ ናት፣ አክስቴ።»

«አንተማ አልሞትህም» አለችና አልፋኝ ሄደች። ቁጣ እንኳ አልነበራትም። ቁጣ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር።

አያ ወደ ቤት ገብቶ የአባቴን ዱላ ይዞ ወጣና ከፈረሱ ኋላ እኔ የቆምሁበት ቦታ ላይ ቆመ። እኔ ወደ ዳር ወጣሁ። አምስት ዓመት ዱር የከረመ ሰው በዱላ ተለቀሰ። ጓደኞቹ የነበሩት ሽማግሎች የየራሳቸውን ጠመንጃ ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

ከሰዓት በኋላ ከሩቅ ደብር የመጡ ለቀስተኞች ደረሱ። ከእነሱ አንዱ ሽማግሌ አያ አጠገብ ተቀምጠው ካጽናኑት በኋላ፣ ዱላውን እያዩ «ሟቹ መሣሪያ አልነበራቸውም?» ብለው በደግ አንደበት ጠየቁ።

የአባቱን ጠመንጃ የለወጠ የሚባል ስም በእኛ አገር ከልጅ ልጅ አይላቀቅም። ልጆቼ እንኳ ሚስት ሲጠይቁ ይነሣባቸዋል። አያ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ሁለት ዓመት አኩርፎኝ የኖረው ወንድሜ ወደ እኔ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

«አልነበረውም» አላቸው።

«ምን ይደረግ፣ ያን ጊዜ ሁሉም ዱር አልገባ» አሉ ሽማግሌው ሊያጽናኑት።

«አዎ» አለ አያ፣ «ቤቱን ጠብቆ ነው የከረመው።»

ከአባቴ ጋር የቆሰሉት፣ ከአንድ አኩፋዳ የበሉት ሰዎች ክብ ሠርተው እዚያው ተቀምጠዋል። ሁሉም ሰምተዋል። አንዱም አላረመውም። እኔም አፌን አልከፈትሁም።